ዓይን ያልተሣለለት ፊት

ዛሂድ መስታወቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ካርቶን ውስጥ ደርድሮ፣ እንደ እንቁላል በጥንቃቄ ተሸክሞ መጣ። ከተሰበረ የቁም ሣጥን መስታወት የተቆረጡ፣ መዳፍ የሚያህሉ ቁርጥራጮች ናቸው። እጅ እንዳይቆርጡ ጠርዛቸውን አለስልሶታል። አስረክቦ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ።

ቦታው መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር ያለ የሕፃናት መዋያ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሕፃናቱ ስለማይኖሩ፣ ዳናይት የምትባል ወጣት የሥዕል መምህርት ክፍሉን ተውሳ ጀማሪዎችን በነፃ ታስተምርበታለች። ተማሪዎቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ወንበሮቹ ግን የሕፃናት። ሁሉም ጉልበታቸውን እስከ አገጫቸው ሰብስበው ተቀምጠዋል።

«መስታወቶቹን አምጥቻለሁ» አለ ዛሂድ ወለሉን እያየ።

ዳናይት ስታድል አንድ መስታወት ተረፈ። ወንበርም አንድ ባዶ ነበር።

«በቃ ተቀመጥ» አለችው።

«እኔ እኮ ሠራተኛ ነኝ። መስታወት ቤት ነው የምሠራው።»

«ሁሉም ሠራተኛ ነው። እዚህ ሥራ የሌላቸው አቦይ ገብረሃንስ ብቻ ናቸው።»

«ጡረታ ሥራ አይደለም ያለሽ ማን ነው?» አሉ ጥግ ላይ የተቀመጡት ሽበታሙ አቦይ ገብረሃንስ፤ አቦይ እንደ አባባ ያለ የአክብሮት ስም ነው። ክፍሉ ሳቀ።

ዛሂድ እምቢ ማለት ከመቀመጥ የበለጠ ብዙ ንግግር እንደሚጠይቅ ገባውና ተቀመጠ።

«ኮርሱን ስንጨርስ እያንዳንዳችሁ አንድ ሥዕል ይኖራችኋል» አለች ዳናይት። «የራሳችሁ ፊት። አበባ የለ፣ ተራራ የለ። ፊቴን አውቀዋለሁ ብላችሁ በግምት እንዳትሥሉ፤ መስታወቱን እያያችሁ ሣሉ።»

ዛሂድ ከወሎ፣ ከሐራ መጥቶ መቀሌ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቀኑን ሙሉ መስታወት ሲቆርጥና ሲገጥም ይውላል። የሚያየው ግን ጠርዙን ነው። ውስጡን አይቶ አያውቅም። እናቱ «ትልቅ ሰው ሲያናግርህ ዓይንህን ዝቅ አድርግ» እያለች ነው ያሳደገችው። ሴት ልጅ ፊት ሲሆንማ ጭራሽ። ልማዱ ከተፈጥሮ ዓይን አፋርነቱ ጋር ተደባልቆ፣ አሁን የሰው ፊት ቀና ብሎ ማየት እንደ ፀሐይ ማየት ይከብደዋል።

መስታወቱን ከፊቱ አቆመ። የራሱን ጆሮ አየ። ከጆሮው አጠገብ መስኮቱን አየ። ከትከሻው በላይ ደግሞ፣ ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ልጅ ከኋላው ተቀምጣ ዳቦ ስትበላ አየ።

ዳቦው ላጲስ ነበር። የሚሥሉት በከሰል ስለሆነ፣ ስሕተት ሲመጣ የዳቦው ለስላሳ ውስጡ ድቡልቡል ተደርጎ ወረቀቱ ላይ ሲጫን ከሰሉን ያነሣዋል። ዳናይት ለሁሉም ቁራጭ ቁራጭ አድላ ነበር። ልጅቱ የራሷን ላጲስ በልታ ጨረሰች።

«ሓወይ» አለችው ከኋላው፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ዳቦ ተርፎሃል?»

ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ሰጣት።

«በጃኻ፣ እባክህ፣ ለቲቸር እንዳትናገር። ምሳ አልበላሁም።»

«እሺ።»

«ስምህ ማን ነው?»

«ዛሂድ።»

«እኔ ረሒማ እባላለሁ። ትዞራለህ ወይስ ከጀርባህ ጋር ልተዋወቅ?»

አልዞረም። ጆሮው ግን ጋለ። በመስታወቱ ጥግ በኩል ስትስቅ አያት፤ ከመሳቋ በፊት ዓይኖቿ ጫፋቸው ላይ ጠበብ ይላሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መስታወቱን ትንሽ አጋደለው።

*

ከዚያ ወዲህ የሳምንቱ ቀናት ሁሉ ወደ ቅዳሜ የሚወስዱ መንገዶች ሆኑ። ዛሂድ ፊት ለፊት ማየት ያቃተውን ፊት በመስታወት ውስጥ እንደ ልቡ ያየው ነበር። የግራ ቅንድቧ መሐል ላይ ቀጭን ክፍተት አለው። ሥዕሉ ሲበላሽባት የታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች። ሲሳካላት ደግሞ ማንም አየኝ አላየኝ ብላ ዙሪያዋን ትቃኛለች። ያን ጊዜ እሱ ፈጥኖ ወረቀቱ ላይ ያቀረቅራል።

ሥዕሉ በዝግታ ወጣ። ግንባሩ መጣ፣ አፍንጫው መጣ፣ አገጩ ላይ የጀመረችው ስስ ጢም መጣች። የዓይኖቹ ቦታ ባዶ ነበር።

«ዓይኑስ?» ትላለች ዳናይት።

«ይቆየኝ፣ ቲቸር።»

«ወደይ፣ ልጄ፣ ዓይን ሳይኖርህ መንገድ እንዴት ልትሻገር ነው?» ይላሉ አቦይ ገብረሃንስ። እሳቸው የራሳቸውን ፊት ሽበቱን ትተው በጥቁር ፀጉር ነበር የሚሥሉት።

ትምህርቱ ሲያልቅ የዛሂድና የረሒማ መንገድ አንድ ነው። አባቷ አቦይ ጀላሉ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ እሷም እዚያ ነው የምትሠራው። እሷ ስታወራ እሱ መሬት መሬቱን እያየ ይሄዳል።

«ጫማዬን ከእኔ በላይ ሳታውቀው አትቀርም» አለችው አንድ ቀን።

«የግራው ተረከዙ በልቷል» አለ።

ቆማ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ለጫማው።

ሥዕል እንዴት እንደ ጀመረች ያን ቀን ነገረችው። መብራትም ስልክም ባልነበረበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ሱቁ ተዘግቶ ቤት ስትውል ጨርቅ በሚመጣበት መጠቅለያ ወረቀት ላይ የምታውቃቸውን ሰዎች ፊት ትሞነጫጭር ነበር። እንዳይጠፉባት።

ዛሂድ ለማንም ተናግሮት የማያውቀውን ነገር አወጣ። «እኔም እዚሁ ነበርኩ። እናቴ ድምፄን አልሰማችም፤ እኔም የሷን። መልኬን ትረሳው ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።»

«ታዲያ በደንብ ሣለውና ላክላት» አለችው ረሒማ ቀስ ብላ። «ግን ዓይን ያስፈልገዋል።»

የጨርቅ ሱቁ መታጠፊያ ደረሱ። እዚያ ሁልጊዜ ሳይነጋገሩበት ይለያያሉ። እሷ ትታጠፋለች፤ እሱ ኮቴዋን እስኪጠፋ ይሰማል። ቀና ብሎ ሲያይ መንገዱ ላይ የለችም። «ቅድም ቀና ብል ኖሮ» ይላል ለራሱ፣ በየሳምንቱ።

*

ረመዳን ሊገባ ሲል የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። ዳናይት ክር ዘርግታ፣ የልብስ መቆንጠጫ ይዛ ሥዕሎቹን ለመስቀል ተዘጋጀች።

«ዛሬ ዓይን የሌለው ሰው ከዚህ ክፍል አይወጣም፣ ዛሂድ» አለች።

ዛሂድ ከሰሉን አነሣ። ወደ መስታወቱ አየ፤ ወደ ወረቀቱ አየ፤ ሣለ። ቶሎ አለቀ፤ እጁ አላመነታም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራው ደስ አለው። ዓይኖቹ ሕይወት ነበራቸው። ወደ ፊት ወጥቶ ሰጣትና ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተሰበሰበ።

ሥዕሉ ተሰቀለ።

አቦይ ገብረሃንስ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉ። «ኣንታ ዛሂድ» አሉ። «ይቺ ጢም ያወጣች ረሒማ ናት!»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ዛሂድ ቀና ብሎ ሥዕሉን አየ። ቅንድቡ መሐል ክፍተት አለው። የዓይኖቹ ጫፍ ጠበብ ብሏል፤ ሊስቁ ነው። እጁ የራሱን ዓይኖች አያውቃቸውም ነበርና የሚያውቃቸውን ሣለ።

በመስታወቱ ጥግ ረሒማን አያት። አልሳቀችም። ሻሿን አፏ ላይ ጎትታ፣ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

*

አዋረድኳት አለ ዛሂድ። ሥዕሉን ጠቅልሎ ወሰደ፤ ዳናይት ስትደውል ስልኩን አላነሣም። ረመዳን ገባ። በጨርቅ ሱቁ በኩል ላለማለፍ ረጅሙን መንገድ ይዞ መዞር ጀመረ።

ትልቅ መስታወት ሲያደርስ፣ ፀሐይ የመንገደኛውን ዓይን እንዳትወጋ ብሎ መስታወቱን ወደ ራሱ አዙሮ ነው የሚሸከመው። ስለዚህ እየሄደ የሚያየው ከኋላው የቀረውን መንገድ ነው። ከኋላው ሴቶች ዘንቢል ይዘው ይሻገራሉ፤ ባጃጆች ይታጠፋሉ፤ ተማሪዎች ከእንዳ ኢየሱስ ዳገት በቡድን ይወርዳሉ። እሱ በዚያ ሁሉ መሐል ቢጫ ሻሽ ይፈልጋል። አንዳንዴ ያገኛል፤ ልቡ ደንግጣ እጁ ይላላል። ሌላ ሴት ትሆናለች። «መስታወቱን ትሰብረዋለህ፣ ልብህ የት ነው?» ይለዋል አሠሪው።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የመስታወት ቤቱ በር ላይ ተረከዙ የበላ ጫማ ቆመ።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም» አለ ለጠረጴዛው።

«ይህን በመስታወት አድርግልኝ» ብላ የተጠቀለለ ወረቀት አስቀመጠች።

ፈታው። የራሷ ፊት ነው፣ በከሰል። ፊቱ እሷን ይመስላል። ዓይኖቹ ግን ተመልካቹን አያዩም፤ አልፈውት፣ ትንሽ ከፍ ብለው ሌላ ነገር ያያሉ።

«ቲቸር ተሳስተሻል አለችኝ» አለች ረሒማ። «ራሱን የሚሥል ሰው ዓይኑ መስታወቱ ላይ ነው፤ ያንቺ ከመስታወቱ በላይ የት ነው የሚያየው አለችኝ።»

«የት ነው?»

«ከፊቴ ማን ነበር የሚቀመጠው?»

ዛሂድ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቀረበው።

«ተቆጥተሽ የሄድሽ መስሎኝ ነበር» አለ።

«ሰው ሁሉ ሲያፈጥብኝ ምን ላድርግ፣ ልዝፈን? ደግሞ መስታወትህን ስታጋድል የማላይ መሰለህ? አንተ ዓይኔን በመስታወት ካየህ እኔም ያንተን አያለሁ። መስታወት ቤት እየሠራህ ይሄ እንዴት ጠፋህ?»

ረሒማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስማኝ። ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው ነበር። የላካቸው ሰመራ ያለ ነጋዴ ነው፣ የጭነት መኪና አለው። አባቴ ጠየቀኝ፤ ዝም አልኩ።»

ዛሂድ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። በነሱ ዘንድ ሴት ልጅ ስለ ጋብቻ ተጠይቃ ዝም ካለች ፈቀደች ማለት ነው። አፍራ ነው እንጂ እሺ ብላለች ይባላል።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ጠፍተህ ነበራ! ማንን ይዤ እምቢ ልበል?» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እሱ ግን አቀርቅሮ ስለ ነበር ድምፅዋ ሲሰበር ብቻ ሰማ። «ለዒድ መጥተው ቃል ሊጨርሱ ነው። ከዚያ በፊት ሰው ላክ። ወይም እንደማትልክ አሁን ንገረኝ።»

«እዚህ አገር ዘመድ የለኝም፣ ረሒማ። ማንን እልካለሁ?»

«ፈልግ» አለችና ወጣች።

*

«እኔ?» አሉ አቦይ ገብረሃንስ። «ክርስቲያኑን ሰውዬ ለእስላም ልጅ ሽማግሌ ልታደርገኝ?»

«ሌላ ሰው አላውቅም፣ አቦይ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እሄዳለሁ። እኔም ዐቢይ ጾም ላይ ነኝ፣ እሱም ረመዳን ላይ ነው። ሁለት የተራቡ ሰዎች ምን ያህል ይጨቃጨቃሉ?»

በግ የሚነግዱ አንድ የሐራ ሽማግሌ አክለው ሄዱ። ሲመለሱ ግን የአቦይ ገብረሃንስ ፊት ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ጀላሉ እምቢ አላለም፤ እሺም አላለም» አሉት። «እንዲህ ነው ያለው፤ የሱቄን መስታወት የገጠመው እሱ ነው። ሙሉ ቀን ከእኔ ጋር ዋለ፣ ምሳ አብረን በላን። ዓይኑን ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም። እኔ ጨርቅ እንኳ ስገዛ ወደ ብርሃን አውጥቼ አይቼ ነው። ፊቱን ለሚደብቅ ሰው ልጄን አልሰጥም። ራሱ ይምጣ።»

ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር የሚሄድበት ወግ የለም። ዛሂድ ለአክብሮት ብሎ የደፋው አንገት እንደ ድብቅነት ተቆጥሮበታል።

ዓርብ መስታወት ቤቱ ለጁምዓ ተዘግቶ ነበር። ዛሂድ ከሶላት ሲመለስ ለብቻው ገባ። ግድግዳው ላይ ለሰው ያላደረሱት ትልቅ የቁም ሣጥን መስታወት ተደግፏል። ሥዕሉን ከጥቅልሉ ፈታ። በድቡልቡል ዳቦ የረሒማን ዓይኖች ቀስ አድርጎ አነሣ፤ ጾም ስለ ነበር ዳቦውን ማንም አልበላበትም። ከሰሉ ጨርሶ አልጠፋም። ሥሩ ላይ ግራጫ ጥላ ቀረ።

ከዚያ ቀና አለ። ከኋላው ማንም አልነበረም። መስታወቱ ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ዓይኖቹ ሸሹ። መለሳቸው። እንደገና ሸሹ፤ መለሳቸው። ካሰበው በላይ ትልልቅ ናቸው። የቀኙ ቆብ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ እንቅልፍ እንዳልጠገበ ሰው። ክፋት የለባቸውም። ከዚህ ልጅ ምን እየሸሸሁ ነው የኖርኩት አለ። በዚያ ግራጫ ጥላ ላይ ሣላቸው። መስመሩ እየተንጋደደ፣ እያጠፋ፣ እንደገና እየጀመረ። የጨረሰው ሥዕል እንደ ፊተኛው አያምርም ነበር። ግን እሱ ነው።

ሥዕሉን እዚያው ትቶ፣ አመሻሽ ላይ ከሚሰገደው የዐስር ሶላት በኋላ አቦይ ገብረሃንስን ጠርቶ ወደ ጨርቅ ሱቁ ሄደ።

*

አቦይ ጀላሉ ጨርቅ ይለኩ ነበር። ቀና ሲሉ ዛሂድ በሩ ላይ ቆሟል፤ ዓይኑ ዓይናቸው ላይ ነው። ዝቅ አላደረገውም። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩት። ሜትራቸውን አስቀመጡ።

«አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ፣ አቦይ ጀላሉ። አንገቴን የደፋሁት አክብሬዎት ነው፤ እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ። የምደብቀው ነገር የለኝም።»

«ደፋር ሆነሃል። ዘገየህ እንጂ። ልጅቷን ለሌላ ሰው ጠይቄያት ዝም ብላለች። ዝምታዋን ተቀብያለሁ።»

«ደግመው ይጠይቋት» አለ ዛሂድ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «አሁንም ለዚያኛው ሰው ዝም ካለች፣ እኔ ሁለተኛ ወደዚህ አልመጣም።»

አቦይ ገብረሃንስ በመገረም ዞረው አዩት። አቦይ ጀላሉ ወደ ጓዳው ተጣሩ። ረሒማ ከመጋረጃው ኋላ ወጣች፤ ከዚያ የራቀች አትመስልም ነበር። አባቷ ሁሉም እንዲሰማው በአማርኛ ጠየቋት።

«ይህ ልጅ ይፈልግሻል። ምን ትያለሽ?»

ረሒማ ዝም አለች።

ዛሂድ የሱቁን ሰዓት ሰማ። የገዛ ትንፋሹን ሰማ። አቦይ ገብረሃንስ ሳያስላቸው ሳሉ።

«ለዚያኛውም ዝም፣ ለዚህኛውም ዝም» አሉ አባቷ። «እንታይ ደኣ፣ ምንድን ነው ነገሩ! ለሁለት ሰው ልድርሽ ነው?»

«አይደለም፣ አቦይ» አለች ረሒማ። እጇ የጨርቁን ጫፍ ጨብጧል። «ያን ጊዜ ዝም ያልኩት ከፍቶኝ ነው። አሁን ዝም ያልኩት ደግሞ...» ቀና አለች። «ይሄን ልጅ እፈልገዋለሁ። ያኛውን አልፈልግም።»

ዛሂድ ዞሮ አያት። መሐላቸው መስታወት አልነበረም። ቅንድቧ፣ ዓይኗ፣ የሚንቀጠቀጥ ከንፈሯ፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። እሷም አየችው። «የቀኝ ዓይንህ ትንሽ ዝቅ ይላል» አለችው በሹክሹክታ፤ ከዚያ ደንግጣ አፏን ያዘች።

«ይበቃል!» አሉ አቦይ ጀላሉ። ደስታም ቁጣም ፊታቸው ላይ አልነበረም። «ቃሌን የሚጠብቁ ሰዎች አሉኝ። ሽበቴን ይዤ ምን እንደምላቸው አላውቅም። እስኪ ላስብበት። አንተ ግን እስከ ዒድ በዚህ መንገድ እንዳትታይ።»

*

አልታየም። ረጅሙን መንገድ እንደገና ያዘ። አሁን ግን መራቁ ሌላ ዓይነት ነበር። ድሮ የሚናፍቀው በመስታወት ያያትን ልጅ ነው፤ አሁን ፊት ለፊት አይቷታል፤ ያ ደግሞ ብሷል። ሲያፈጥር፣ ሲሰግድ፣ መስታወት ሲቆርጥ ያቺ አንዲት ቅጽበት ትመጣበታለች። እሺ ይሉ ይሆን? ያን ነጋዴ ፈርተው ይመልሱኝ ይሆን? የሚነግረው ሰው አልነበረም። አቦይ ገብረሃንስ ሲያገኙት «አይዞህ» ከማለት በቀር የሚጨምሩት አጡ።

ዒድ ሆነ። ዛሂድ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ከሜዳው ዳር ሰገደ። ሶላቱ አልቆ ሰው ሁሉ ሲተቃቀፍ፣ ዘመድ ዘመዱን ሲፈልግ፣ እሱ ምንጣፉን እያጠፈ ነበር። ከፊቱ ሰው ቆመ።

አቦይ ጀላሉ ናቸው። ዛሂድ ቀና ብሎ አያቸው።

«ዒድ ሙባረክ» አሉት።

«ዒድ ሙባረክ፣ አቦይ።»

«ምሳህን የት ነው የምትበላው?»

«እኔ... ቤቴ ነኝ። ብቻዬን ነኝ።»

ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «ሰዎቹን ትናንት ይቅርታ ጠይቄ መለስኳቸው። አንገቴን ደፍቼ ነው የለመንኳቸው፤ ሥራህ ነው።» ምንጣፉን ከእጁ ተቀብለው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። «በል ቅደም። ልጅቷ ከንጋት ጀምሮ በር በሩን እያየች ሁለት ጊዜ ወጥ አሳርራለች። ሦስተኛውን ሳታሳርር እንድረስ።»